ብርድ ልብሱን ገና አታጥቢው

ብርድ ልብሱን ገና አታጥቢው። ነሐሴ ከገባ ለሁለት ቀን ፀሐይ ብልጭ አለችና ክረምቱ የወጣ መስሎሽ ወፍራም ወፍራሙን ሁሉ አጥበሽ ቁም ሳጥን አናት ላይ ልትሰቅዪው ነው። ተይው እህቴ። አሁን አይደርቅልሽም፤ በረንዳው ላይ ሦስት ቀን ሲንጠባጠብ ከርሞ ሽታ ይዞ ይገባል። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ብለሽ እንደምትሟገቺኝ አውቃለሁ። ቡሄ ግን ነሐሴ 13 ነው፤ ሜትሮሎጂም ክረምትን የሚቆጥረው እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን የአዲስ አበባን የዓመት ዝናብ ግማሽ የሚጠጋውን ያዘንባሉ።

ደግሞስ ዋናው ብርድ መቼ መጣና! የእኛ ከተማ ሌሊት ከክረምቱ ይልቅ በበጋው ይከፋል። በክረምት ደመናው የቀኑን ሙቀት አፍኖ ስለሚያድር ሌሊቱ ያን ያህል አይወርድም። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ቀን የሞቀው ምድር ሙቀቱን ሌሊት ላይ ይለቀዋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ትንሿ ልጅሽ ገና ዓመት አልሞላትም፤ ብርድ ልብሱ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲረጋ ጠዋት አጥበሽ ማታ አልጋው ላይ ትመልሺዋለሽ።

ብርድ ልብሱን ያነሳሁት ግን ሌላም ነገር ልልሽ ፈልጌ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከአፍሽ የማይጠፋ ቃል አለ፦ "በጋው ይምጣ እንጂ።" የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጠቁሯል ስልሽ፣ በጋው ይምጣ። እማዬን አንድ ቀን ወጣ እናድርጋት ስልሽ፣ በጋው ይምጣ። ጥርስሽን ታከሚ ስልሽ እንኳ በጋው ይምጣ አልሽኝ። እኔም በጋን እወዳለሁ፤ ጠዋት መስኮት ከፍቶ ደረቅ አየር እንደማስገባት ደስ የሚለኝ ነገር የለም። ግን ሁሉን እሱ ላይ ከከመርሽው በጋውን ሳታይው ያልፍሻል።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። መስከረም የእንቁጣጣሽና የመስቀል ወጪ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ዩኒፎርም ነው። ጥቅምትና ኅዳር በርበሬ ነው። ታኅሣሥ ሽሮ ነው፤ 29 ላይ ገና አለ። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል ነው። በአንቺም በባልሽም ወገን ዘንድሮ የሚዳር አለ። ፀሐይዋ አለች፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ ተይዟል። አሁን በዝናቡ ሊሠራ የሚችለውን አሁን ካላራገፍሽ፣ በጋው ሲመጣ የምትሠሪው የክረምቱን ዕዳ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰጂና በአንድ በኩል ፀሐይ የሚፈልገውን፣ በሌላው በኩል ፀሐይ የማይፈልገውን ጻፊ። በርበሬው፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ የግድግዳው ቀለም ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ይቆዩ። ጥርስ ፀሐይ አይፈልግም። ለሐሙስ ቀጠሮ ያዢ፤ ትንሿን እኔ እይዛታለሁ። የወንዱ ልጅሽ ዩኒፎርምም እንዲሁ ነው፤ ልብስ ሰፊው አሁን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ጳጉሜን ላይ ብትሄጂ ግን ወረፋው ከበሩ ይወጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሱሪውን ሲለካው ግርጌውን ሁለት ጣት ያህል አጥፎ እንዲተውልሽ ንገሪው፤ ልጁ እየተመዘዘ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ትተረትሪለታለሽ። ያነሱትን የልጆች ልብሶች መለየት፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል ማድረግ፣ የምጣዱን የተላላጠ ገመድ ማስቀየር፣ ይሄ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ የሚሠራ ሥራ ነው።

ግድግዳውን ግን ወረቀት ላይ አትጻፊው፤ ዛሬ እንያዘው። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ስለቆመ ነው ጀርባው የሻገተው፤ አየር የሚባል አያገኝም። አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት ሳቢው። ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ አታራግፊው፤ ብናኙ የሚገባው ልጆቹ ደረት ውስጥ ነው። በረኪናውን በውኃ አቅጥነሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ መስኮቱን ከፍተሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ሽንት ቤት ከሚታጠብበት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪ፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ብዙ ሰው "ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳል" ይላል፤ አትስሚ። የቀለሙ ነገር ኅዳር ድረስ ይቆይ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም አብጦ ይላጣል፤ ገንዘብሽን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ውኃው የሚገባው በመስኮቱ ፍሬም ሥር መሆኑን ግን ባለፈው አይቻለሁ፤ እሱን በሲሊኮን ማስደፈን በጋ አይጠብቅም፤ ግማሽ ቀን ዝናቡ ካባራ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ኮስተር ብዬ የምነግርሽ አለኝ። ማታ ቡና ያፈላሽበትን ከሰል ቤቱ ይሙቅ ብለሽ መኝታ ቤት ማስገባትሽን ተይ። "ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው" ትይኛለሽ። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቀልቶ ከሚያምረው ፍም ነው የሚወጣው። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ነው የሚቀረው። በየክረምቱ በር ዘግተው ከሰል አያይዘው ያደሩ ቤተሰቦች ሞት እንሰማለን፤ ሁሉም ብርድ የመረራቸው፣ ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ምድጃው በረንዳ ላይ ይደር። አልጋው ከቀዘቀዘብሽ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ አንሶላው ውስጥ አቆዪው፤ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ታወጪዋለሽ። ይህን ለባልሽም ንገሪው፤ ካልሰማሽ እኔ እነግረዋለሁ።

ሊጡ "አልቦካ አለ" ብለሽ ከዱቄቱ ጋር መጣላትሽንም ሰምቻለሁ። ዱቄቱ ምንም አላደረገሽም፤ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው። ለብ ባለ ውኃ አቡኪው፤ እርሾውን ከለመድሽው ጨመር አድርጊ፤ ቡሃቃውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንስተሽ ጠረጴዛ ላይ ጋቢ አልብሰሽ አስቀምጪው። አንድ ቀን ተጨማሪ ስጪው፤ አይቸኩልም። እንጀራው በሦስተኛው ቀን የሚሻግተው ደግሞ ትኩሱን ሳይበርድ ስለምትደራርቢውና ላስቲክ ውስጥ ስለምታፍኚው ነው። እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ አብርጂ፤ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመጋገር ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ጋግሪ። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ድሮው ትመለሻለሽ።

ልጁ "ሰለቸኝ" ሲል አትቆጪው። ለእኛ ጭቃ የሆነው ጊዜ ለእሱ የዓመቱ ዕረፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ከሚውል ግን ሥራ አሳዪው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ካልሲውን ማጠብ፣ ምስር መልቀም ይችላል። ወንድ ነው ብለሽ አትተዪው፤ እኛ ቤት ወንድሞቻችን ሳይሠሩ አድገው ሚስቶቻቸው ስንት ዓመት እንደለፉ አይተሻል። ቡሄ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ይውጣ፤ ዱላውን ከአሁኑ ይፈልግ፣ ሙልሙሉን አንቺ ጋግሪላቸው። ያገኙትን ገንዘብ ሲካፈሉ ሒሳቡን ደብተር ላይ እንዲጽፍ አድርጊው። ክፍልፋይ አስቸግሮታል አላልሽኝም? ከአምስት ጓደኛ ጋር ብር ሲካፈል ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ትንሿን ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አውጫት። ቫይታሚን ዲ ሰውነቷ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳዋን በቀጥታ ሲነካት ነው፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ያሞቃት እንደሆን እንጂ ለአጥንቷ አይረባም፤ መስታወቱ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀረዋል። በክረምት ቤት ተዘግተው የሚከርሙ ሕፃናት እግራቸው የሚጎብጠው፣ ጥርስና መሄድ የሚዘገይባቸው በዚህ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ደመናው ከተገለጠ ሥራሽን ጥለሽ በረንዳ ላይ ይዘሻት ውጪ፤ እግርና እጇን ገልጠሽ፣ ዓይኗን ጋርደሽ። ወጡ ቢያርር ይረር።

አሁን ወደ በርበሬው ልምጣልሽ፤ ዘንድሮ ራስሽ ነሽ የምታዘጋጂው፤ እማዬ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ዛላው ገበያ በብዛት የሚገባው ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ላይ ነው፤ ዋጋውም የሚቀንሰው ያኔ ነው። የማረቆም ሆነ የአላባ ብትገዢ፣ ከስሙ በፊት ድርቀቱን እዪ። አንዱን ዛላ አንስተሽ ጆሮሽ ጋ አንቀጥቅጪው፤ ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ መስማት አለብሽ። ጎበጥ ስታደርጊው ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ፣ እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ፣ ወይ በደንብ አልደረቀም ወይ ክብደት እንዲጨምር ውኃ ተረጭቶበታል። ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ፤ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካየሽ ነጋዴዋ በግማሽ ዋጋ ብትሰጥሽም ጥለሽ ሂጂ። የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ብታምሺውም ብትፈጪውም አይጠፋም። ለአራት ሰው 10 ኪሎ ይበቃሻል፤ ለዘመድ የምትሰፍሪውን ጨምረሽ ማለቴ ነው።

ቤት ስታስገቢው በመጀመሪያው ቀን ቀንጥሺው፤ አፍንጫሽን በሻሽ እሠሪ፤ ልጆቹ እኔ ጋ ይዋሉ። ከዚያ ታጥቦ ይሰጣል። የጋራ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ማስጣት የምትፈልጊ ከሆነ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተራ ያዢ፤ ኅዳር ላይ ሁሉም እኩል ነው የሚወጣው። ሸራው ላይ ቀጭን አድርገሽ አሰራጪው፤ እኩለ ቀን ላይ በእጅሽ ገልብጪው፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ ሰብስበሽ አስገቢው፤ ጤዛ ካገኘው የቀኑ ድካም ከንቱ ነው። ሸክሸክ ተደርጎ ተወቅጦ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ሲለወስ የእማዬን እጅ አስታውሺ፦ ጨምቃ ስትለቀው እንደ ጭብጥ የሚቀር፣ ግን ውኃ የማይወጣው። ያን ያህል ነው እርጥበቱ። ታፍኖ ያድርና እንደገና ፀሐይ ያያል፤ ድርቅ ካለ በኋላ ነው ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ታምሶ የሚገባበት። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ቆመሽ አስፈጪ። ካንቺ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቂ፤ ጤፍ ከነበረ ቅድሚያ ከበርበሬሽ ጥቂት አሳልፈሽ ድንጋዩን አጥቢበት።

ሽሮው በርበሬውን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም፤ ምጥን ሽሮ ያለ በርበሬ የለም። አተሩና ባቄላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተሰብስቦ ይገባልና ብትጠብቂው አዲሱን ታገኛለሽ። ብዙ ግን አትግዢ። አተርና ሽምብራ ነቀዝ ይወዳቸዋል፤ ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ካለሽ በጤፉ ላይ በርቺ፤ ጥር ላይ አዲሱ ከምንጃርና ከአድኣ በደንብ ሲገባ የዓመቱን ግዢ። ሲቀመጥ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ይበል፤ ግድግዳውን አይንካ፤ የሚቀጥለው ክረምት እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትያለሽ። ከዕቁቡ ነው የሚመጣው። ባለፈው ዓመት ዕጣሽ ግንቦት ላይ ወጣና ሶፋ ገዛሽበት፤ በርበሬውን ግን ኅዳር ላይ በብድር ገዛሽ። ዘንድሮ ከአሁኑ ዳኛዋን አነጋግሪያት። ዕጣው የማንም ይሁን፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ የሚደርሰው ሰው ብሩን ለዚያ ጊዜ የማይፈልገው ከሆነ ከአንቺ ጋር ይለዋወጣል፤ ዕቁብተኛ እንዲህ ሲተጋገዝ ኖሯል። አፍሽን ከፍተሽ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይሰጥሽም።

አንድ ቀን ደግሞ ከቀን መቁጠሪያሽ ላይ አጥፊው። ኅዳር 12 ብርድ ልብስም በርበሬም አታስጪ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ሕዝቡ ካለቀ ወዲህ በዚያ ቀን ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ የማቃጠል ልማድ አለው፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ቤት ማጽዳቱን አጽጂ፤ ጭሱ ግን የታጠበ ልብስሽ ላይ ያርፋል፣ ለትንሿም ደረት አይሆንም። መስኮት ዘግተሽ ዋዪ።

ባልሽ ጥቅምት ላይ ባቱ ሄደን ሐይቅ ዳር እንደር፣ ዓሣ እንብላ ማለቱን ወድጄዋለሁ፤ ጊዜውን ግን አልወደድኩትም። ክረምቱ ሲወጣ የቀረው ውኃ ትንኝ ያራባል፤ በቆላውና በስምጥ ሸለቆው ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ዓመት ያልሞላት ልጅ ይዛችሁ ለአንድ ሌሊት አትሂዱ። የካቲት አካባቢ ቢሆን ይሻላል፤ ያኔም አጎበር ይዛችሁ፣ ስትመለሱም ልጆቹ ካተኮሳቸው "ጉንፋን ነው" ሳትሉ አስመርምሯቸው።

እማዬን ግን በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሾፍቱ እንውሰዳት፤ ጾሙ ሳይገባ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ማለዳ ወጥተን ትንኙ ሳይነሳ፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። ሐይቁን ከላይ የሚያይ፣ ደረጃ የሌለው ቦታ ፈልጌ አስይዛለሁ፤ ጉልበቷን አስቤ ነው። ምሳ ከቤት ይዘን አንሄድም። እሷ ቤት ውላ ማጀት ሳትገባ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አንቺም ያን ቀን ድስት አትነኪም። በርበሬው በዚያ ሳምንት ሸራ ላይ ቢሆንም ይሰብሰብና ቤት ይግባ፤ ቅዳሜውን ለማንም አትስጪ፣ ለለቅሶ ካልሆነ በቀር። ቀኑ ተመችቶሽ እንደሆን ዛሬ ማታ ንገሪኝ፤ ለእማዬ እኔ ደውዬ እነግራታለሁ።